ከከሌ ጫፍ የተሰፋች ቀይ ቁራጭ

የጋሼ ተክሉን ማረፍ የነገረችኝ ልጄ ሙሉ ናት። ለእሷ ከደብረ ሲና ደውለውላት ነበር። ስልኩን እንዳነሳሁ «እማዬ፣ እስቲ ተቀመጪ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ተቀመጪ ከተባልኩ መቀመጥ አልችልም። እንደቆምኩ «ማን ነው?» አልኳት። ስማቸውን ስትጠራልኝ ሳጥኔን ከፈትኩና ከሌን አወጣሁ። የታችኛውን ጫፍ ገልብጬ አየሁ። ቀይዋ ቁራጭ አለች። ክሯ ስለላላ መርፌ ፈልጌ አጠበቅኋት። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ነገር ጽፌ አላውቅም። ሙሉ ግን «ስለ እሳቸው አንቺ ካልጻፍሽ ማን ሊጽፍ ነው?» ስላለችኝ እንዳቅሜ እጽፋለሁ።

ጋሼ ተክሉ ሸዋ ሮቢት የመጡት ደርግ እንደወደቀ ነው። ታንከኛ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸውም በመኪናም እያሉ፣ አንድ ካኪ ኮትና አንድ የመፍቻ ቦርሳ ይዘው ከተማችን ደረሱ። ትውልዳቸው ደብረ ሲና ነው፤ «ብርዱን ጠግቤዋለሁ» ብለው ቆላው ላይ ቀሩ። ከአውቶቡስ መቆሚያው በታች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት ጀመሩ። ከተማው «ታንኩ» የሚል ስም አወጣላቸው። ሲጠሯቸውም አይቆጡም፣ «አቤት» ይላሉ።

ከቤታቸው ፊት ለፊት ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነበር። በከሰል ሁለት መስቀል ሠርተውበት ከሥሩ አግድም አስምረውበታል። ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ሁሉ አመሻሽ ላይ እዚያ ግድግዳ ፊት ይቆማል። መብራቱ ከመስመሩ በላይ ካረፈ ዝቅ ያደርጉታል፣ ወደ ግራ ከሸሸ ይመልሱታል። ትከሻቸው ላይ ሁልጊዜ እርጥብ ጨርቅ አለ። መንገድ ላይ ሲሄዱ የቆመ መኪና ካዩ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ጎንበስ ብለው የፊት መብራቱን ይጠርጉና ያልፋሉ። ያላወቃቸው እንግዳ ሳንቲም ሊሰጣቸው ኪሱን ሲዳብስ እሳቸው ሌላው መኪና ጋ ደርሰዋል።

ባውዛ ግን አይገጥሙም። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ሲለምናቸው ሰምቻለሁ።

«ጋሼ ታንኩ፣ ሁለት ባውዛ ብቻ። ደህና አድርጌ ልይ።»

«አንተ እንድታይ ከፊትህ የሚመጣው ይታወር?»

«እሱም ይግጠማ!»

«ከዚያ ሁለታችሁም ታውራችሁ ገደል ውስጥ ተገናኙ። አልገጥምም።»

ወሬያቸው ሁሉ መጨረሻው ታንካቸው ላይ የነበረው የሌሊት መነጽር ነው። «የታንኩ መብራት ለዓይን አይታይም» ይላሉ። «በመነጽሩ ስታይ ግን ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ወለል ይልልሃል። ጥቁር የለበሰም ነጭ የለበሰም እኩል ይታያል። አንድ ቀን ይሄ መነጽር መኪና ላይ ይመጣል።» ሾፌሮቹ ይስቃሉ። «ያኔ ይዘውልን አይመጡም ነበር?» ሲሏቸው «ባመጣውማ ኖሮ አንተ ማታ ማታ የት እንደምትገባ ለሚስትህ እነግራት ነበር» ይላሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ ከሳቸው ጋር ምንም አልነበረኝም። በአውቶቡሶቹ መስኮት ሥር ማንጎና ፓፓያ ስሸጥ አያቸዋለሁ፣ ያዩኛል፤ ያ ብቻ ነው።

ባለቤቴ የሞተው ባጃጅ ገና ሸዋ ሮቢት ሳይገባ ነው። ለሽንኩርት ማሳችን የውሃ ተራ በማታ ደርሶት፣ አጠጥቶ በአስፋልቱ ዳር ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው። ሾፌሩ አልሸሸም። በገዛ እግሩ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ፖሊሶቹ ምን ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነበር። «በመድኃኔዓለም፣ አላየሁትም።» ያንን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። ሰው የሚያህል ነገር እንዴት አይታይም? በኋላ ለእርቅ ሽማግሌ ቢልክብኝ ደጄን ዘጋሁ።

እኔና ሙሉ ከል ለበስን። ሙሉ ቀን ቀን ከኔ ጋር ትሸጣለች፣ ማታ ማታ ትማራለች። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አባቷ የቀረበት ነገር ቢኖር የሷን መማር ማየት ነው፤ ስለዚህ ላስቀራት አልፈለግሁም። ብቻዋን መላክም አልሆነልኝም። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ልጆቹ ሲወጡ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ፤ የሷ እስኪደርስ። ከዚያ እጇን ይዤ ድልድዩን ተሻግረን በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤታችን እንሄዳለን። መኪና ሲመጣ ከሩቅ ነው የማየው። ካየሁት ደግሞ ምን ያስፈራኛል እል ነበር።

አንድ ማታ እንደዚያ ስንሄድ የጭነት መኪና መጣ። አየሁት። መብራቱ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ጎማው ሲጮህ ሙሉን ስቤ ቦይ ውስጥ ወደቅን። መኪናው ከኛ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ከጋቢናው አንድ ሰው ዘለው ወረዱ። ጋሼ ተክሉ ነበሩ፤ ያስተካከሉትን መብራት ሊሞክሩ ከሾፌሩ ጋር ወጥተው ኖሯል።

«ሰው ናችሁ ወይስ ጥላ?» ብለው ጮኹብን።

ከቦዩ እየወጣሁ «ሰው ነን! ምን ያስጮህዎታል? መኪናውን ከድልድዩ ጀምረን እያየነው ነው የመጣነው» አልኳቸው።

«አንቺ አየሽው። እሱስ አይቶሻል?»

«መብራቱ እንዲህ እያበራ?»

«መብራቱ ላንቺ ያበራል። ሾፌሩ የሚያየው የተመለሰለትን ነው። ጥቁር ልብስ ምን ይመልሳል? ይውጠዋል።»

ባትሪያቸውን አብርተው ከላይ እስከ ታች አዩን። ድምፃቸው ወዲያው ወረደ።

«የማን ኀዘን ነው?»

«የባለቤቴ።»

«መኪና ነው?»

«አዎ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሾፌሩ ገና መሪውን እንደያዘ ነበር።

ቤት ስንገባ ሙሉን «ከነገ ጀምሮ ትምህርት የለም» አልኳት። ጭቃ የነካውን ደብተሯን በቀሚሷ ጠርጋ ከትራሷ ሥር አደረገችው። እሷ ተኛች፣ እኔ የበሩን መቀርቀሪያ ሦስቴ ተነስቼ ነካሁ።

በማግሥቱ ጋሼ ተክሉ እምሸጥበት ድረስ መጡ። መሐረባቸውን ሲፈቱት ከተሰበሩ የኋላ መብራቶች የተቆረጡ፣ የአውራ ጣት የሚያህሉ ቀያይ ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዷ በጋለ ሽቦ ሁለት ቀዳዳ ተበጅቶላታል።

«ከቀሚሱ ጫፍ ላይ ስፊያቸው። ዝቅ ብሎ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ። አጭር መብራት መጀመሪያ የሚያገኘው እግርን ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ ከል እኮ ነው» አልኳቸው። «ባሌ ዓመቱ አልደረሰም። ከል ላይ ቀይ ላድርግ?»

«አላጌጥሽም። ልትታዪ ነው።»

«ሰው ይሄን ያውቃል?»

መሐረቡን ከማንጎው አጠገብ ትተውልኝ ሄዱ። እኔ ልጥለው አስቤ ነበር። ሙሉ ናት ወስዳ፣ ሳልሰማ፣ ከራሷ ቀሚስ ጫፍ ላይ ሁለት የሰፋችው። ያንን ሳይ ወደ ትምህርቷ መለስኳት።

ወሬው ሦስት ቀን አልፈጀም። «የሟች ልጅ ቀይ አደረገች» ተባለ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ በየነ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ወንድማቸውን እንዳዋረድነው ቆጠሩት። ቤቴ መጥተው ሳይቀመጡ «ወይ ታውልቀው፣ ወይ ከቤት አትውጣ» አሉኝ። ሁለቱም አንድ ነበር። ብታወልቀው እኔ ራሴ አላስወጣትም።

ምን እንደማደርግ ስላልገባኝ ሄጄ ለጋሼ ተክሉ ነገርኳቸው። «እድሩ መቼ ነው?» አሉኝ። እሑድ እንደሆነ ነገርኳቸው።

እሑድ ከሰዓት እድርተኛው እንደተሰበሰበ ጋሼ ተክሉ ትከሻቸው ላይ እርጥብ ጨርቃቸውን አድርገው መጡ። ለወጉ እጅ ነሱና «አቶ በየነ፣ ዛሬ ሲመሽ ለትንሽ ጊዜ ሾፌር ቢሆኑልኝ» አሉ።

ሰው ሳቀ። ጋሽ በየነም «እኔ በቅሎ እንጂ መኪና ነድቼ አላውቅም» አሉ።

«አይነዱም። መኪናው የቆመ ነው። እርስዎ መቀመጥና ማየት ብቻ ነው። ሰው ባዩ ጊዜ ክላክስ ይነፋሉ። የሚያዩ ከሆነ ቁራጩን እኔ በእጄ ቆርጬ አነሳዋለሁ።»

ሲመሽ ኳስ ሜዳው ላይ አንድ የጭነት መኪና አቁመው፣ ጋሽ በየነን ጋቢና አስገብተው፣ አጭር መብራቱን አበሩ። እድርተኛው ከመኪናው ጀርባ ቆመ። ከሜዳው ማዶ የምንሄደው ከል የለበስን ሦስት ሴቶች ነን፤ እኔ፣ ሙሉና የጋሽ በየነ ባለቤት እትዬ ደስታ። ጋሼ ተክሉ እትዬ ደስታን ከፊት፣ ሙሉን ከኋላ አደረጉ። «ቀስ ብላችሁ ወደ መብራቱ ኑ። ክላክስ ስትሰሙ ባላችሁበት ቁሙ» አሉን።

ሄድን። መብራቱ ዓይኔን ስለሚወጋኝ ፊት ለፊቴ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ መኪናው ነው። ጥቂት እንደሄድን ክላክሱ ጮኸ። ቆምን።

«ስንት ሰው አዩ?» የሚለው የጋሼ ተክሉ ድምፅ ተሰማ።

«አንድ። እዚያ ማዶ ቀይ ነገር አብለጨለጨና እግር አየሁ። ሙሉ ትሆናለች። ሌሎቹን ገና አላመጣሃቸውም መሰለኝ።»

ጋሼ ተክሉ ባትሪያቸውን ወደኛ አበሩ። እትዬ ደስታ ከሙሉ አሥር እርምጃ ቀድመው፣ ወደ መኪናው ቀርበው ቆመዋል። እኔ መካከል ላይ ነኝ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ደስታ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረን በልተን አላየሁሽም ነው የምትለኝ?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በየነ ግን አልሳቁም። ከጋቢናው ሲወርዱ እግራቸው እየፈለገ ነው የረገጡት። ሄደው የሚስታቸውን ክንድ ያዙ። ከዚያ ወደ እድርተኛው ዞረው «ወንድሜን አላየሁትም ያለው ልጅ…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ወደ ጋሼ ተክሉ መለስ ብለው «ከከሉ ጫፍ ላይ ይሁን። ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይበል። ለኔም ለዱላዬ አንድ ስጠኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በኛ እድር ከል ሲቆረጥ ቀዩም አብሮ ይሰፋል። ሌላው መንደር ሲስቅብን ቆይቶ እሱም ያዘው። ሙሉ ትምህርቷን ቀጠለች። እኔም በሩ ላይ መቁጠሬን አልተውኩም፤ የቀረልኝ ቢኖር እንቅልፍ ማጣቱ ነው።

ለምስጋና ቆሎ ቆልቼ የወሰድኩላቸው ቀን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እኛ ምንዎ ነን? ይሄን ሁሉ ለምን ደከሙልን?»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። «አንድ ሌሊት መነጽሩ ተበላሸ» አሉ። «መብራት ማብራት ክልክል ነው። በባዶ ዓይኔ ንዳ ተባልኩ፣ ነዳሁ። መንገዱ ዳር የራሳችን ወታደር ደክሞት ተኝቶ ነበር።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ጠየቁኝ። አላየሁትም አልኩ።»

ቆሎውን እዚያው ትቼ ተነሳሁ። ሁለት ሳምንት በደጃቸው አላለፍኩም፤ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። የማዝንባቸው ልሁን የማዝንላቸው ለራሴ አልታወቀኝም። እሳቸው አልተከተሉኝም። ማታ ማታ ግን፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ድልድዩ አጠገብ ቆመው መኪና በመጣ ቁጥር ባትሪያቸውን ወደ እግራችን ሲያበሩ አያለሁ። ሰላም አይሉንም። ስንሻገር ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ማንጎ መርጬ ደጃቸው ሄድኩ። «ቆሎው ተበላ?» አልኳቸው። «እየቆጠርኩ» አሉኝ። በዚያው ወር ጋሽ በየነን «ያ ሾፌር ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ እንደገና ቢልክ ደጄ ክፍት ነው» አልኳቸው። መጣ። ታረቅን። ፊቱን ያን ዕለት ነው በቅጡ ያየሁት፤ ገና ልጅ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሙሉ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮሌጅ ገባች፣ ሥራም ያዘች። ጋሼ ተክሉ ግን ደረታቸውን እያመማቸው ሄደና ደብረ ሲና እህታቸው ቤት ገቡ። አንድ ቀን ሙሉ ለሥራ ወደኛ ስትመጣ ደወለችልኝ። የመሥሪያ ቤቷ እንግዶች ይዘውት በመጡት መኪና ላይ በጨለማ የሚያሳይ ስክሪን አለ። «እማዬ፣ የጋሼ ተክሉ መነጽር መጣ!» አለችኝ። ሾፌሩን ለምና ወደ ደብረ ሲና ይዛኝ ወጣች። ማታ ካልሆነ አይታይምና እስኪመሽ ጠበቅን። ጋሼ ተክሉ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ከመቀመጣቸው በፊት የፊት መብራቶቹን ጠረጉ።

ወደ ሮቢት ቁልቁል ስንወርድ ስክሪኑ ላይ ዛፉ ግራጫ፣ ሰው ነጭ ሆኖ ይታያል። መብራቱ ያልደረሰበት ቦታ የሚሄድ ሰው እንኳ አስቀድሞ ይታያል።

ሾፌሩ «በሙቀቱ ነው የሚያየው፣ አባባ» አላቸው።

«የኛ በመብራት ነበር። ይሄ በሙቀት?» ብለው ተደነቁ። ከዚያ ሳቅ ብለው «እንግዲያው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጉድ ፈላበት። እዚያ ደንጋዩም ትኩሳት አለው» አሉ።

ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ስክሪኑ ላይ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ አንድ ረዘም ያለ ነጭ ነገር ተጋድሟል። በመስታወቱ ሳይ ከፊታችን ጨለማ ብቻ ነው።

«ምንድነው?» አልኩ ከኋላ።

ጋሼ ተክሉ «የተኛ ሰው ነው» አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «አቁመው ልጄ። አቁመው።»

መኪናው ሲቆም ወረዱ። አስፋልቱ ዳር ያሰጣውን ማሽላ ሲጠብቅ እንቅልፍ የወሰደው ገበሬ ነበር። ጎንበስ ብለው ትከሻውን ነካኩት። ደንግጦ ተነሳ።

«ምን አጠፋሁ፣ አባቴ?»

«ምንም አላጠፋህም። አይተንሃል» አሉት። «አይተንሃል። በል አሁን ከመንገዱ ራቅ ብለህ ተኛ።»

ከኮታቸው ኪስ ቀይ ቁራጭ አውጥተው ሰጡት። ወደ መኪናው ሲመለሱ ፊታቸውን በዚያ ጨርቃቸው እየጠረጉ ነበር። ሙሉ ሾፌሩን «ዝም በል» በሚል ዓይን አየችው። ሸዋ ሮቢት ገባን። ጋሼ ተክሉ ሲወርዱ ሾፌሩን «እንዲህ ያለ መኪና ስንት አለ?» ብለው ጠየቁት። «በዚህ መንገድ? እንጃ፣ አባባ። እኔ የማውቀው ይሄን ብቻ ነው» አላቸው። ወደኔ ዞሩና «ሰምተሻል፤ ቁራጩን እንዳትጥሉ» አሉኝ።

ከሳቸው አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ምክር ይኸው ነው።

የቀበርናቸው ደብረ ሲና ነው። ከሸዋ ሮቢት የወጣነው ሁላችንም ከል ለብሰን ነበር። የደብረ ሲና ሰዎች ቀሚሳችንን አይተው ተንሾካሾኩ። አንዲት ሴትዮ «እናንተ አገር በቀይ ነው እንዴ የሚታዘነው?» አለችን። እትዬ ደስታ፣ አርጅተው በምርኩዝ ነው የመጡት፣ «እሱ ራሱ ነው ያለበሰን» አሏት።

ስንመለስ ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ገና አልመሸም፤ ግን አጠገቤ የቆመውን ሰው ፊት መለየት አቃተኝ። ከመንገዱ ዳር ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ እንደ ልማዴ ፈራሁ፤ ሙሉ ወይዘሮ ሆናለች፣ እኔ ግን እጇን ፈልጌ ያዝኩ። የሞተር ድምፅ መጣ። ከዚያ ሁለት መብራት በጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወጣና እግራችን ላይ አረፈ። አውቶቡሱ ሳይጮህ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከሩቅ እየቀዘቀዘ መጥቶ ከፊታችን ቆመ።

ሾፌሩ የማናውቀው ጎረምሳ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ግቡ እትዬ፣ ግቡ። ከመታጠፊያው ጀምሬ አይቻችኋለሁ። ከታች ቀይ ቀይ ሲል ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ናችሁ አይደል?» አለኝ።

ዞሬ ከሙሉ ጀምሬ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነበርን።